የእንጦጦ አኒሜሽን ክር ላይ የተባባሉት፣ ወርዳችሁ ለማንበብ ላልደፈራችሁ

ሰሞኑን የ3ዲ ልጆች መድረክ ላይ አንድ ክር ተከፍቶ 27 መልስ ድረስ ሄዷል። ግማሹ ወርቅ ነው ግማሹ ጭቅጭቅ፣ ብዙዎቻችሁ ደግሞ ሦስተኛው መልስ ላይ ስትደርሱ እንደምትወጡ ስለማውቅ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው ብዬ ነው። የማን ሐሳብ እንደሚመቸኝም አልደብቅም።

ባለ ክሩ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ልጅ ነው። ስለ አዲስ አበባ መቆርቆር አጭር አኒሜሽን እየሠራ ነው፣ የመጀመሪያው ሾት ላይ ካሜራው ከእንጦጦ ማርያም ይነሳና ቁልቁል በርሮ ፍልውሃ ላይ ያርፋል፣ ዘመኑ ኅዳር 1879 ነው፣ ፎቅ የለ አስፋልት የለ፣ ሜዳና ዛፍ ብቻ። የመሬቱን ከፍታ ከናሳ ዳታ አውርዶ፣ ብሌንደር የሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ አስገብቶ፣ ዛፍ ረጭቶ፣ ፀሐይ ሰቅሎ 10 ሰከንድ ሬንደር አደረገና (ኮምፒውተሩ አስልቶ ቪዲዮ እንዲያወጣው ማለት ነው) ለጠፈው። ጥያቄው ሁሉን ነገር በልኩ አስገብቶ ሳለ ተራራው ለምን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሞዴል እንደሚመስል ነው። መሬቱ እርከን እርከን ሆኖበታል፣ ካሜራው ፍልውሃ ሲቀርብ ደግሞ ሣሩም ድንጋዩም ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር፣ ግን መጨረሻ ላይ በኛ ሀገር ላፕቶፕ ላንድስኬፕ አኒሜት ማድረግ ዝም ብሎ ጉልበት መጨረስ እንደሆነ ጨመረበት፣ ነገር የለኮሰው ይሄ ነው።

1ኛው መላሽ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ ሰላምታው ብቻ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል፣ ሥራውን አድንቆ ግራፊክስ ካርድ ቢቀይር እንደሚሻለው መከረው። 2ኛውም ያንኑ ደግሞ የካርድ ስም ጨመረበት። ሁለቱም ቪዲዮውን ከፍተው ያዩት አይመስለኝም።

ክሩ በደንብ የተጀመረው 3ኛው ላይ ነው። ካዛንቺስ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፣ ስለ ማሽን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሒሳብ ሠራ። ከእንጦጦ ማርያም ፍልውሃ በቀጥታ መስመር ከ7 ኪሎ ሜትር አያንስም፣ ያንን በ10 ሰከንድ መጨረስ ማለት በሰከንድ 700 ሜትር ነው፣ በሰዓት ሲመታ 2,520 ኪሎ ሜትር። ድምፅ ራሱ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የልጁ ካሜራ በምኒልክ ዘመን ከድምፅ እጥፍ በላይ ፈጥኖ እየወረደ ነው። ዓይን እንዲህ ያለ ፍጥነት በትልቅ መሬት ላይ አይቶ ስለማያውቅ ከማመን ይልቅ መሬቱን ማሳነስ ይቀለዋል፣ መጫወቻ የሚያስመስለው ይሄ ነው። ሄሊኮፕተር በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ቢበር ያው መንገድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተራራ የሚያይ ሰው ደግሞ የለም፣ ስለዚህ ጉዞውን ሦስት ቦታ ቆራርጦ እንዲያሳየው ነገረው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ካሜራው እምብዛም የማይንቀሳቀስበት፣ ወንዝ ተከትሎ ትንሽ የሚወርድበት፣ ከዚያ ፍልውሃ እንፋሎቱ ላይ። የካሜራውን የትኩረት ብዥታም እንዲያጠፋ አሳሰበው፣ ፊትና ኋላው እንዲያ የሚደበዝዘው ትንሽ ነገር በቅርብ ሲነሳ እንጂ ተራራ ከሩቅ ሲነሳ አይደለምና። በኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ምርጡ መልስ ይሄ ነው፣ ባለ ክሩ ግን 4ኛው ላይ ተመልሶ ዩቲዩብ ላይ ያያቸው የተራራ በረራዎች ከዚህም እንደሚፈጥኑ ጻፈ፣ ተቀይሟል።

5ኛዋ የፍጥነቱን ነገር ተቀብላ አየር እንደጎደለው አስተዋለች። ቪዲዮው ላይ እንጦጦ ጫፍ ያለው ዛፍና ታች ፍልውሃ ያለው ዛፍ እኩል ጥቁር አረንጓዴ ናቸው፣ ከእንጦጦ ቁልቁል አይቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሩቁ እንዴት እየሰማየ እንደሚሄድ ያውቃል። ይሄንን በቮልዩም፣ ማለትም አየሩን ራሱን በጭጋግ ሞልቶ፣ ልሥራው ቢል ላፕቶፑ እንደሚያቃስት፣ ግን ሚስት ፓስ የሚባለውን፣ ርቀትን ብቻ የሚያሳየውን ምስል፣ አብርቶ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚደበዝዝ ሰጥቶት ኮምፖዚቲንግ (ምስል መደራረቢያው) ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቢቀላቅልበት በሬንደር ሰዓቱ ላይ ይሄ ነው የሚባል ነገር እንደማይጨምር አስረዳችው። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

እርከኑን የፈታው 6ኛው ነው። ልጁ ከፍታውን ከኪውጂአይኤስ፣ ከካርታ ፕሮግራሙ፣ ሲያወጣ በ8 ቢት ምስል ነው ያወጣው፣ 8 ቢት ደግሞ 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው። የባሰው ደግሞ አንድ ሙሉ ቁራጭ ዳታ ሳይቆርጥ ነው ያወጣው፣ ያ ቁራጭ የሙገርን ሸለቆ ጭምር ይይዛል፣ ከሸለቆው ሥር እስከ እንጦጦ ጫፍ ከ1,500 ሜትር በላይ ልዩነት አለ፣ ለ256 ሲካፈል እያንዳንዷ ደረጃ ወደ 6 ሜትር ትሆናለች ማለት ነው፣ እርከን ባይሆን ነው የሚገርመው። መጀመሪያ የሚፈልገውን ብቻ ቆርጦ በ16 ቢት ቢያወጣ 65,536 ደረጃ እንደሚያገኝ፣ ብሌንደር ውስጥ ደግሞ ቴክስቸሩን (የከፍታውን ምስል) ከቀለምነት አውጥቶ ነን ከለር እንዲያደርገው፣ ያለዚያ ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንደ ቀለም ቆጥሮ እንደሚያጣምምበት ጻፈ። ይሄ ሰውዬ አጭር ነው አይለፈልፍም፣ ወደድኩት።

ከዚያ 7ኛው መጣ። ይሄኛው ዳታ ማውረድ ራሱ የጊዜ ብክነት ነው ባይ ነው፣ ኖይዝ ቴክስቸር፣ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ የሚያወጣውን ጉብታና ጎድጓዳ፣ ደራርቦ በአምስት ደቂቃ ከእንጦጦ የበለጠ ተራራ እንደሚያወጣ እየፎከረ የራሱን ሬንደር ለጠፈ። እውነት ለመናገር ያምራል። 8ኛዋ፣ ህንፃ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ነች፣ ማማሩን ሳትክድ በዚያ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ በየት በኩል እንደሚወርድ ጠየቀችው። ኖይዝ ጉብታና ጎድጓዳ ያወጣል እንጂ ወንዝ አያውቅም፣ ጎድጓዳው ከጎድጓዳ ጋር አይገናኝም። የእንጦጦ መልክ ደግሞ የወንዞቹ መልክ ነው፣ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ እያሉ ተራራውን ቆራርጠው ነው የሚወርዱት፣ ከተማው ውስጥ ድልድይ የበዛውም ለዚሁ ነው።

9ኛው ላይ 7ኛው ተመልሶ ዱላውን መዘዘ። ኬን ፐርሊን ኖይዙን በፈረንጆቹ 1983 ሠርቶ በ1985 እንዳሳተመው፣ በ1997 በዚሁ የቴክኒክ ኦስካር እንደተሸለመ፣ ከሱም በፊት በ1980 ሎረን ካርፔንተር ቦይንግ ተቀጥሮ ሳለ በፍራክታል (ራሱን በየመጠኑ በሚደጋግም ቅርጽ) ብቻ የተሠራ የተራራ በረራ ሲግራፍ የሚባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ላይ አሳይቶ ሰዉን ጉድ እንዳሰኘ ዘረዘረና፣ እነዚህ ሁሉ ተሳስተው አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ትክክል ልትሆን ነው ወይ በሚል መንፈስ ጨረሰ። ታሪኩ ትክክል ነው፣ አነጋገሩ ግን ነውር ነው። ካርፔንተር እኮ ከእንጦጦ ፍልውሃ እያሳየሁ ነው አላለም! ቢሆንም ሰውየው ሳያስበው ግማሽ እውነት ይዟል፣ የናሳው ዳታ ነጥቡ በየ30 ሜትር ነው፣ ካሜራው ፍልውሃ ላይ ዝቅ ሲል በሁለት ነጥብ መሃል ያለው መሬት ለጥ ያለ ብርድ ልብስ ነው የሚሆነው፣ እዚያ ክፍተት ውስጥ ትንሽ ኖይዝ መጨመር የግድ ነው። ተራራውን ከዳታው ጉብታውን ከኖይዙ ማለት ነው። ይሄን ደግሞ ክሩ ላይ ማንም አላለውም።

10ኛው ስለ መንቀጥቀጡ ነው፣ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም አጻጻፉ። ልጁ መሬቱን ከወንዞቹ ካርታ ጋር እንዲገጥምለት ብሎ ዩቲኤም በሚባለው፣ ቦታን በሜትር በሚቆጥረው የካርታ አቆጣጠር፣ ዞን 37 ትክክለኛ ቦታው ላይ አስቀምጦታል፣ አዲስ አበባ ደግሞ በዚያ አቆጣጠር ከወገብ መስመር ወደ ሰሜን ወደ 1 ሚሊዮን ሜትር ይጠጋል። ብሌንደር ቦታን የሚይዘው በ32 ቢት ቁጥር ስለሆነ እዚያ ርቀት ላይ ከአንዱ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በመሃል ምንም የለም፣ ሣሩም ድንጋዩም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። መፍትሔው ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ጎትቶ ዜሮ ላይ ማምጣት ብቻ ነው። ለላፕቶፑ ካርድ እንዲቀይር የመከሩት 1ኛውና 2ኛው እዚህ ላይ አንዴ ተጠቅሰው በዝምታ ታለፉ።

11ኛው እኔ ነኝ። ካሜራው ወደ ደቡብ እያየ ነው የሚወርደው አይደል፣ አድማሱን አያችሁት? ምንም የለም፣ መሬቱ ከፍልውሃ ትንሽ አለፍ ብሎ በቢላ እንደተቆረጠ ያልቅና ሰማይ ነው። የናሳው ዳታ በዲግሪ ነው የተቆራረጠው፣ የ9 ዲግሪ መስመር ደግሞ በከተማችን መሃል ነው የሚያልፈው፣ መስቀል አደባባይ ከመስመሩ በላይ ነው ቦሌ አየር ማረፊያ ከመስመሩ በታች። ልጁ ያወረደው የላይኛውን ቁራጭ ብቻ ስለሆነ እንጦጦ አለ ፒያሳ አለ፣ ፉሪ የለ የረር የለ ዝቋላ የለ። ከእንጦጦ ሆኖ ደቡብን የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት እነሱ ላይ ነው፣ ባዶ አድማስ ላይ የተቀመጠ ተራራ ደግሞ የቱንም ያህል ፖሊጎን ቢደፋበት እንጦጦ አይሆንም፣ የትም ነው። የታችኛውን ቁራጭ ጨምሮ እንዲያያይዘው፣ ዝቋላ ከእንጦጦ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የካሜራውን ክሊፕ ኤንድ (ካሜራው የሚያይበትን የመጨረሻ ርቀት) ከዚያ በላይ እንዲያደርገው፣ ለሩቆቹ ተራሮች ደግሞ ዳታውን እያሳሳ እንዲጠቀም ጻፍኩለት። አንድ ሙሉ ቁራጭ 3,601 በ3,601 ነጥብ ነው፣ ወደ 13 ሚሊዮን፣ ያንን ሁሉ ለዝቋላ ማውጣት ብክነት ነው። 12ኛው ላይ ባለ ክሩ የማሽኑን ነገር ረስቶ ከየት እንደሚወርድ ጠየቀኝ፣ እዚያ ላይ ነው ሥራው የተነሳለት።

13ኛው ግን ልብስ ሰፊ ዓይን አለው መሰለኝ፣ የምድር ክብነት አልተቆጠረም ብሎ ተነሳ። በ60 ኪሎ ሜትር ርቀት መሬት ወደ 280 ሜትር ትጎብጣለች፣ ብሌንደር ውስጥ ያለው መሬት ግን ዝርግ ስለሆነ ዝቋላ በዚያ ልክ ከፍ ብሎ ይታያል። ሒሳቡን ሠርቼ አይቼዋለሁ ልክ ነው። 14ኛው፣ 15ኛው ሳቁበት ብቻ፣ አንዱ እንዲያውም ምድር ዝርግ ናት የሚሉትን ሰዎች ጠርቶ ሊያጋጨው ሞከረ፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ክሩ ሌላ ዓለም ሄደ።

16ኛዋ ወደ ነገሩ መለሰችን፣ ግን በኃይለ ቃል። ልጁ ኮረብታውን የሞላው በባህር ዛፍ ነው፣ ባህር ዛፍ ደግሞ ከተማዋ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው በምኒልክ ጊዜ የገባው። ታሪክ እየሠራ ታሪክ እንዳላነበበ፣ እንጦጦ ያኔ ማገዶ ተለቅሞ የተራቆተ፣ ቢኖርም ጽድና ወይራ የነበረበት እንደሆነ አስገባችለት። 17ኛው አግዟት ባህር ዛፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ግራ አንድ ላይ ወደ ቀኝ እንደሚወዛወዙ፣ ሁሉም የአንድ ዛፍ ኢንስታንስ (ቅጂ) ስለሆኑና እንቅስቃሴያቸው እኩል ስለሚጀምር እንደሆነ፣ ጥቂት የተለያየ ሰዓት ላይ የሚጀምር ዛፍ ሠርቶ እንዲቀላቅል መከረ። ቀጥሎ ደግሞ በጣም የገረመኝን ነገር ጨመረ፣ ባህር ዛፉን ከትዕይንቱ ላይ ቢሰርዘውም ከመሬቱ ውስጥ አይወጣም። ያ ዳታ በፈረንጆቹ 2000 የካቲት ላይ ኢንዴቨር መንኮራኩር 11 ቀን ዞሮ በራዳር የለካው ነው፣ ራዳሩ ቅጠሉን በከፊል ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ጣሪያውን ደግሞ ጨርሶ አያልፍም፣ ስለዚህ የ1992 ዓ.ም ደንና ፎቅ ሁሉ ኮረብታ መስሎ እዚያው ተቀምጧል። መሃል ከተማውን በእጅ ስከልፕት አድርጎ ማለስለስ አለበት።

የፀሐዩ ጠብ ከ18 እስከ 21 ነው። 18ኛው የልጁ ጥላ ሁሉ ወደ ሰሜን መውደቁን አይቶ አዲስ አበባ ላይ በቀትር ጥላ ወደ ደቡብም እንደሚወድቅ ጻፈ። 19ኛው ጥላ ወደ ሰሜን ነው እንጂ ባይ ሆኖ ሰደበው፣ ጭራሽ ትምህርት ቤቱን ሁሉ ጠየቀው። 20ኛው ገላጋይ ሆኖ መጣ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እንደ ወሩ ነው። እኛ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን፣ ፀሐይ በሰኔ እስከ 23.4 ዲግሪ ድረስ ወደ ሰሜን ትወጣለች፣ ስለዚህ በዚያ ወቅት ቀትር ላይ ከኛ በላይ ሳይሆን ከኛ ወደ ሰሜን ናት፣ የአራት ኪሎ ሐውልት ጥላ ስድስት ኪሎን ትቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ በኩል ይወድቃል፣ ደመና ካልከለከለ በሰኔ ሄዶ ማየት ይቻላል። 21ኛዋ (8ኛዋ ነች፣ ተመልሳ) የልጁ ታሪክ ኅዳር ላይ መሆኑን አስታወሰቻቸው፣ በኅዳር ፀሐይ ወደ ደቡብ ናት፣ ጥላው መጀመሪያውኑ ልክ ነበር፣ ይህ ሁሉ ስድብ ለባዶ። ይልቅ ጥላው ቀትር ላይ አጭር ስለሚሆን ተራራው ቅርጹ ይጠፋል፣ ጠዋት ቢያደርገው ሸለቆዎቹ ተለይተው ይወጣሉ፣ ሰን ፖዚሽን፣ ፀሐይን በሰዓቱ የሚያስቀምጠው መሣሪያ፣ ላይ ጠዋት 2 ሰዓትን 2 ብሎ እንዳይሞላው ብቻ፣ 8 ነው የሚባለው፣ 2 ካለ ሌሊት ነው። ከሥሩ ስንት ሰው እንደሳቀ ብታዩ፣ ሁላችንም ደርሶብናል ማለት ነው።

22ኛው ስለ መብራት ነው፣ አጭርና ጠቃሚ። በቀጥታ ኤምፒ4 አድርጎ ሬንደር የሚያደርግ ሰው መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ፋይሉ አይከፈትለትም፣ በየፍሬሙ ፒኤንጂ እያወጣ ኦቨርራይት (በነበረው ላይ ደግሞ መጻፍ) የሚለውን ቢያጠፋ ግን መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። 10 ሰከንድ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን 240 ፍሬም ነው፣ አንዱ 6 ደቂቃ ቢወስድ 24 ሰዓት፣ በዚህ ከተማ 24 ሰዓት ሳይጠፋ የሚያድር መብራት ላይ ተስፋ የሚጥል ካለ ይሞክር። 23ኛው ሳምፕል (ለእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃኑ የሚሰላበትን ብዛት) ቀንሶ የሚመጣውን ነጠብጣብ በዲኖይዘር ማጽዳት ለአንድ ፎቶ ጥሩ ቢሆንም አኒሜሽን ላይ ሣሩን እንደሚያፈላው፣ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ስለሚጸዳ ቅጠሉ በየፍሬሙ ቦታ እንደሚቀይር ተናገረ፣ ትንሽ ነጠብጣብ ቢቀር እንደሚሻል።

24ኛው ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሊሸጥ ነው የመጣው። 25ኛው ሾቱ ላይ የኅዳር ጭስ እንዲጨመር ጠየቀ፣ ከተማው ሁሉ ቆሻሻ የሚያቃጥልበትን ማለቱ ነው፣ ኅዳር ሲታጠን የመጣው ግን በ1911 ዓ.ም ከወረርሽኙ በኋላ ስለሆነ 16ኛዋ እዚያው ሥር ገብታ ቀጣችው። ከዚያ እሱ ጨዋታውን ወደ ፒያሳ ፈረሳ አዞረው፣ የ2016ቱን፣ ሌላው ቀጥሎ የአያቱን ቤት በብሌንደር መልሶ እየሠራ እንደሆነ አነሳ፣ እዚያ ላይ የተባለውን አልጽፈውም፣ ሌላ ክር ይከፈትለት።

26ኛው ላይ ልጁ አዲሱን ለጠፈ። ሦስት ሾት ነው፣ ያው ላፕቶፕ ነው። የመጀመሪያው ላይ ካሜራው እንጦጦ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል፣ የረር በግራ ፉሪ በቀኝ፣ ዝቋላ ከኋላ እንደ ጥላ ፈዞ፣ ጠዋት ነው። ወንዙን የሚከተለው ሾት ላይ ሣሩ አሁንም ትንሽ ይፈላል፣ ፍልውሃ ላይ ያለው እንፋሎት ደግሞ ጭስ ይመስላል እንጂ እንፋሎት አይመስልም፣ ቶሎ መጥፋት አለበት። የካዛንቺሱ ሰውዬ አውራ ጣት ሰጠው፣ ሌላ አልጻፈም።

27ኛው ጽዶቹን አልወደዳቸውም። ከኢንተርኔት የተወሰዱ የአውሮፓ ጥዶች ናቸው፣ ቀጥ ብለው ወረቀት ላይ እንደተሳሉ፣ ያረጀ የኛ ጽድ ግን ግንዱ የተጠማዘዘ ልጡ በቁመቱ የተሰነጣጠቀ ነው። እንጦጦ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ያሉትን አስፈቅዶ ዙሪያቸውን ፎቶ አንስቶ ወደ 3ዲ መቀየር እንደሚቻል፣ በዚህ መንገድ የሚወጣው ግን ግንዱ ብቻ እንደሆነ፣ ቅጠሉ ነፋስ ስለሚያንቀሳቅሰው ስለማይገጣጠም በእጅ መሠራት እንዳለበት አስረድቶ ቅዳሜ ጠዋት አብሮት የሚወጣ ሰው ጠየቀ። ይሄን ስጽፍ ማንም አልመለሰለትም። እኔ እሄዳለሁ፣ ደህና ካሜራ ያለው ሰው ግን ይምጣ፣ በኔ ስልክ የሚነሳ ልጥ ሁሉ ጭቃ ነው የሚመስለው።